ውሃው ይተናል፣ ፕላስቲኩ ይቀራል

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ አንድ ፌስታል የእሾህ አጥር ላይ ተሰክቶ አየሁ። ሰማያዊ እንደነበር የሚያስታውቀው እጀታው እጥፋት ውስጥ የተረፈችው ቀለም ብቻ ናት፤ የቀረውን ፀሐይ አንጥታዋለች። ላላቅቀው ስይዘው በጣቶቼ መሃል እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። መዳፌ ላይ የቀረውን ነፋስ ወሰደው፤ ውሃው ደግሞ ከአጥሩ አሥር እርምጃ እንኳ አይርቅም። ገና ሙሉ ሳለ ማንም መንገደኛ በአንድ እጁ ሊያነሳው ይችል ነበር። አሁን ግን ሺህ ሰው ቢሰለፍ አይለቅመውም።

ማይክሮፕላስቲክ የሚባለው ይኸው ፍርፋሪ ነው። ተመራማሪዎች ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን የፕላስቲክ ቅንጣት ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩታል። ትልቁ ምስር ያህላል፣ መካከለኛው ጤፍ፤ ከዚያ በታች ያለው ከዱቄት የላመና ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታይ ነው። አንዳንዱ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ደቃቅ ነበር፤ የፊት መታጠቢያና የጥርስ ሳሙና ውስጥ ይገቡ የነበሩት ጥቃቅን እንክብሎች እንዲህ ናቸው፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ አግዳቸዋለች። የሚበዛው ግን ከትልቅ ዕቃ ተሰባብሮ የሚመጣው ነው። ፕላስቲክ እንደ ቅጠል በስብሶ አፈር አይሆንም። ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ ሞገድና አሸዋ ይፈጩታል፤ እያነሰ ይሄዳል እንጂ ፕላስቲክነቱን አይተውም።

ነገሩ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1972 ኤድዋርድ ካርፔንተርና ኬኔት ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ከሳርጋሶ ባሕር ገጽ በመረብ ባወጡት ናሙና ውስጥ የፕላስቲክ ቅንጣት ማግኘታቸውን በ«ሳይንስ» መጽሔት ጽፈው ነበር። ማይክሮፕላስቲክ የሚለው ቃል የተለመደው ግን ከ32 ዓመት በኋላ ነው፤ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ በዚያው መጽሔት «ባሕር የገባው ፕላስቲክ ሁሉ የት ደረሰ?» የሚለውን ጥያቄ ሲያነሱ። በዚህ መሃል ምርቱ እየናረ ሄደ። በ1950 በዓመት 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ የነበረው ዛሬ ከ400 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው። እስከ 2015 ድረስ ቆሻሻ ሆኖ ከተጣለው ፕላስቲክ ሁሉ ዳግም ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆነ በ2017 የወጣ ስሌት አሳይቷል።

እኛ ግን ጉዳዩን የሌላ አገር ጉዳይ አድርገን ኖረናል። የሚታየው ፎቶ ሁሉ የባሕር ነዋ፤ መረብ አንገቷ ላይ የተጠመጠመባት ኤሊ፣ ሆዱ ቡሽ የሞላበት የባሕር ወፍ። ባሕር የለንም፣ ስለዚህ አይመለከተንም የሚል ስሜት አለ። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፤ ባሕር ስለሌለን ይበልጥ ይመለከተናል።

የስምጥ ሸለቆን ውሃ አካሄድ ተመልከቱ። መቂና ቀታር ወንዞች ዝዋይ፣ ዛሬ ደምበል የምንለው ሐይቅ ይገባሉ። ከዝዋይ ቡልቡላ ወንዝ ይወጣና አብያታ ይገባል። ከአብያታ የሚወጣ ወንዝ የለም። የሐዋሳ ሐይቅም በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር ለማንም አይሰጥም፤ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርግ ውሃ ቢኖረውም፣ አፈሩ እንደ ወንፊት ሆኖ ቅንጣቱን በአብዛኛው ያስቀረዋል። አዋሽም ባሕር አይደርስም፤ ጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ያልቃል። ውሃው ከእነዚህ ቦታዎች በአብዛኛው የሚወጣው ወደ ሰማይ ተኖ ነው። ሲተን ደግሞ ይዞት የመጣውን ትቶ ይሄዳል። አብያታና ጎረቤቱ የሻላ ሐይቅ በሶዳ የከበዱት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወንዞቹ በጥቂት በጥቂቱ ያመጡት ጨው መውጫ አጥቶ ዘመን ከዘመን ተከማቸ። ጨውን ያከማቸው መንገድ ፕላስቲኩንም ያከማቻል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ከዝዋይ ሐይቅ አራት ዓይነት ዓሦችን መርምሮ ነበር፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ሁለት የካርፕ ዝርያዎች። ከተመረመሩት ዓሦች 35 በመቶው ሆዳቸው ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቶባቸዋል፤ በአንድ ዓሣ ከአንድ ቅንጣት እስከ 26። የሐይቁ ደለልም ከፕላስቲክ ነፃ አልነበረም። ከዚያ ቀደም ብሎ በቪክቶሪያ ሐይቅ፣ ታንዛኒያ ምዋንዛ ላይ ከተገዙ የናይል ፐርችና የቆሮሶ ዓሦች፣ ከየዓይነቱ ከአምስቱ የአንዱ ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ መኖሩ ተረጋግጦ ነበር።

የዝዋዩ ጥናት ውስጥ እኔን ያስቆመኝ ሌላ ነገር ነው። ፕላስቲክ የበዛው አምባዛና ካርፕ ሆድ ውስጥ ነው፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ምግብ የሚለቅመው ቆሮሶ ያነሰ ነበረው። አምባዛ ጭቃ ለጭቃ የሚሄድ፣ በጢሙ እየዳሰሰ ያገኘውን የሚውጥ ዓሣ ነው። ታዲያ ፕላስቲክ ይንሳፈፋል ብለን የምናስብ ሰዎች ተሳስተናል። የሃይላንድ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክና የፖሊስተር ክር ከውሃ ይከብዳሉ፣ ይሰጥማሉ። ፌስታል ቀላል ነው፤ እሱም ቢሆን ጥቂት ከሰነበተ አልጌ ይለብስና እየከበደ ይወርዳል። ያ አረንጓዴ ልባስ ደግሞ የምግብ ሽታና ጣዕም ይሰጠዋል። ዓሣው ሲውጠው ሞኝነቱ አይደለም፤ ምግብ የሚሸት ነገር ምግብ ነው ብሎ ነው።

ከዋጠው በኋላ ምን ይሆናል? አብዛኛው ቅንጣት ሆድ ዕቃ ውስጥ አልፎ ይወጣል። እስኪወጣ ግን ቦታ ይይዛል፤ ሆድ ሞልቶ ጉልበት የለም። ይህ በግልጽ የታየው ከዓሣ በታች ባሉት፣ ዓሦች በሚመገቧቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ላይ ነው። በቤተ ሙከራ ፕላስቲክ የተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ የቆዩ ኮፔፖድ የሚባሉ እንስሳት ምግባቸው ቀንሷል፣ የሚጥሉት እንቁላልም አንሷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ ለሁለት ወር ያህል ከቅንጣቱ ጋር የቆዩ ኦይስተር የሚባሉ ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳት የሚያፈሩት እንቁላል በ38 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። እነዚህ ሙከራዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት የቅንጣት ብዛት ከተፈጥሮ ውሃ የበለጠ ስለሆነ፣ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ሐይቅ ማምጣት አይቻልም። የጉዳቱ አቅጣጫ ግን ተደጋግሞ አንድ ነው፤ ሞት ሳይሆን መክሳት፣ ማነስ፣ አለመራባት።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ማንሳት ግድ ይለኛል፤ ለጉዳዩ የሚቆረቆር ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባልና። እ.ኤ.አ. በ2016 የስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ፐርች የሚባለው ዓሣ ጫጩቶች ማይክሮፕላስቲክን ከምግባቸው አስበልጠው እንደሚበሉ የሚገልጽ ጥናት አወጡ። ዜናው ዓለምን ዞረ። በቀጣዩ ዓመት መረጃው እምነት የማይጣልበት ሆኖ ተገኘና ያሳተመው መጽሔት ጥናቱን ሰረዘው። ጉዳዩ በራሱ ከባድ ነው፤ እንዲያስፈራ ብሎ መጨመር የሚጎዳው እሱኑ ነው።

ሳይጨመርበት የሚያስደነግጥ ማስረጃ ደግሞ አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሲያትል ዙሪያ ኮሆ የሚባለው ሳልሞን ከውቅያኖስ ወጥቶ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ተወለደባቸው ጅረቶች ይመለሳል። በከተማ ውስጥ በሚያልፉት ጅረቶች ግን የመከር ዝናብ ሲጥል ዓሦቹ ውሃ ላይ እየተሽከረከሩ፣ አፋቸውን እየከፈቱ፣ እንቁላላቸው ሆዳቸው ውስጥ እንዳለ በሰዓታት ውስጥ ይሞታሉ። በአንዳንዱ ጅረት ከሚመለሱት ከ40 እስከ 90 በመቶው እንዲህ ያልቁ ነበር። ሳይንቲስቶች ምክንያቱን ለማግኘት ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። መልሱ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ወጣ፤ ጎማ። የመኪና ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ 6ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ይህ ኬሚካል አየር ውስጥ ካለ ኦዞን ጋር ሲገናኝ ወደ ሌላ መርዝ ይለወጣል። ጎማው አስፋልት ላይ እየተፋቀ የሚተወውን ጥቁር ብናኝ ዝናብ ያጥበዋል፤ ከብናኙ የሚወጣው መርዝም ጅረት ይገባል። ዓሣ ሁሉ እንደ ኮሆ አይደለም፤ የቅርብ ዘመዱ ቸም ሳልሞን በዚያው ውሃ ሳይሞት ያልፋል። ጎማን ፕላስቲክ ብለን ባናስበውም፣ ከፊሉ ከነዳጅ የተሠራ ነውና ብናኙ ከማይክሮፕላስቲክ ይቆጠራል።

አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲወርድ ከመንገዱ የሚነሳውን ጥቁር ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚያስብ እገምታለሁ። ያ ጎርፍ በየሰፈሩ ወንዝ አድርጎ አቃቂ ይገባል፣ አባ ሳሙኤል ያልፋል፣ አዋሽን ይቀላቀላል፣ ቆቃ ይደርሳል። የቆቃ ዓሣ ደግሞ ተመልሶ አዲስ አበባ ይሸጣል። በዚሁ መንገድ ልብሳችንም ይሄዳል። ሰልባጅም ሆነ አዲስ፣ ዛሬ የምንለብሰው አብዛኛው ልብስ ፖሊስተር ወይም አክሪሊክ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት 6 ኪሎ የአክሪሊክ ልብስ በማሽን አንዴ ሲታጠብ ከ700,000 በላይ ክር ሊለቅ እንደሚችል አስልቷል። በፍሳሽ ማጣሪያ የሚያልፍ ውሃ አብዛኛውን ቅንጣት እዚያው ያስቀራል፤ ወንዝ ዳር የታጠበ ልብስና ቦይ ውስጥ የተደፋ እጣቢ ግን ማጣሪያ አያውቁም።

ስለ ሰው ጤና በአጭሩ ልለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ በመጠጥ ውሃ ውስጥ የተገኘው መጠን ሰውን እንደሚጎዳ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አለመኖሩን ገልጾ፣ ብዙ ተጨማሪ ጥናት እንዲደረግ ጠይቋል። ዓሣ ውስጥ የሚገኘው ቅንጣት በብዛት ያለው ሆድ ዕቃው ውስጥ ነው። አሞራ ገደል ላይ ልጆቹ ቆሮሶውን በአንድ ምት ሰንጥቀው፣ ሆድ ዕቃውን ወደ ጎን ይጥላሉ፤ አባ ኮዳዎቹ ከመሬት ሳይደርስ ይቀልቡታል። ሥጋው በአዋዜ ለእኛ፣ ፕላስቲኩ ካለ ለወፏ።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ዘግይተን አልጀመርንም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ሩዋንዳ ፌስታልን ያገደችው እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እነሱ ዘንድ ፌስታል በአብዛኛው ከገበያ ጠፋ፤ እኛ ዘንድ ያ ስስ ፌስታል በየሱቁ ተንጠልጥሎ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን ጭራሽ የሚከለክል አዲስ አዋጅ ጸደቀ። በዓለም ደረጃ፣ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2022 ናይሮቢ ላይ አስገዳጅ የፕላስቲክ ስምምነት ለማዘጋጀት ቢወስኑም፣ ነሐሴ 2025 ጄኔቫ ላይ የተደረገው ድርድር ያለ ስምምነት ተበትኗል። የተጣሉበት ዋና ነጥብ ምርቱ ራሱ ይገደብ ወይስ ቆሻሻው ብቻ ይስተካከል የሚለው ነው። ነዳጅ አምራቾቹ ሁለተኛውን ይመርጣሉ።

እኔ ከሁለቱም በፊት ቆራሌውን እመለከታለሁ። ሃይላንድ ይሰበስባል፣ የተሰበረ ባልዲና ጀሪካን ይገዛል፤ ፌስታል ግን ቢሰጡት አይወስድም፣ ዋጋ የለውማ። አጥሩ ላይ፣ ቦዩ ውስጥ፣ ወንዙ ዳር የቀረው ዋጋ ያጣው ነው። ፋብሪካው ወይም አስመጪው ለአንድ ኪሎ አሮጌ ፌስታል እንዲከፍል ቢገደድ፣ ከማንኛውም ቅጣት ፈጥኖ ከተማውን የሚያጸዱት ቆራሌዎቹ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ፕላስቲኩን ሳይፈረፈር፣ ሙሉ ሳለ መያዝ የሚቻልበት ጊዜ ደግሞ በዓመት ውስጥ በደንብ ይታወቃል፤ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ነው። ቦዮቹ ደርቀው የተጠራቀመው ሁሉ ፊት ለፊት ይታያል። በየከተማው የቦይ ጠረጋ የሚደረገውም ያኔ ነው፤ ሰዎች ቀኑን ሙሉ በአካፋ እየዛቁ ፌስታሉን፣ ሃይላንዱን፣ የተቀደደውን ማዳበሪያ ከጭቃው ጋር ያወጣሉ። ያወጡትንም እዚያው ቦዩ ጠርዝ ላይ ይከምሩታል። መኪና መጥቶ ያነሳዋል ይባላል። መኪናው ሳይመጣ ዝናቡ ይመጣል፣ ክምሩም እየተናደ ወደ ቦዩ ይመለሳል። ጠረጋውና የሚያነሳው መኪና በአንድ ቀን መታዘዝ አለባቸው።