ፓተንቱ ያበቃ የድባቴ መድኃኒት፦ ተረትና እውነታ

የአንድ ታዋቂ የድባቴ መድኃኒት ፓተንት እንዳበቃ ሲነገር መድኃኒቱ ራሱ ከአገልግሎት የወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ፓተንት ግን አንድ ኩባንያ ለተወሰኑ ዓመታት መድኃኒቱን ብቻውን እንዲሸጥ የሚሰጠው ሕጋዊ መብት ነው፤ በማሸጊያው ላይ ከታተመው የመጠቀሚያ ጊዜ ጋር አይገናኝም። መብቱ ሲያበቃ ሌሎችም ስለሚያመርቱት ዋጋው ይወርዳል፤ ፈዋሽነቱ ባለበት ይቆያል።

ሁለተኛው እምነት ይበልጥ ሥር የሰደደ ነው፦ ኩባንያው በምትኩ የሚያመጣው መድኃኒት አዲስ ስለሆነ ይበልጣል የሚለው። የፕሮዛክ ታሪክ ይህን በደንብ ይፈትነዋል (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካው ኢላይ ሊሊ በ1987 መጨረሻ ያስፈቀደው ይህ መድኃኒት፣ በጄኔሪክ ስሙ ፍሉኦክሰቲን፣ በዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባለት ነበር። በነሐሴ 2000 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የፓተንቱን ዕድሜ ሲያሳጥረው የኩባንያው አክሲዮን በአንድ ቀን 30 በመቶ ገደማ ወደቀ። በዓመቱ ባር የተባለው ኩባንያ ጄኔሪክ የሚባለውን ርካሽ ፍሉኦክሰቲን ገበያ ላይ አዋለ።

ሊሊ ግን ቀድሞ መዘጋጀት ጀምሮ ነበር። ፍሉኦክሰቲን እንደ ግራና ቀኝ እጅ የሚመሳሰሉ ሁለት ሞለኪውሎች ድብልቅ ነው። ሊሊ በ1998 ሴፕራኮር ከተባለ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ አንደኛውን ነጥሎ በአዲስ ፓተንት ለማውጣት ተነሣ። በጥቅምት 2000 ዕቅዱ ተሰረዘ፤ መጠኑ ከፍ ሲል የልብን የኤሌክትሪክ ዑደት እንደሚያረዝም ታይቶ ነበር። በዚያው ዓመት ያው ፍሉኦክሰቲን በሌላ ቀለም እንክብል፣ ሳራፌም ተብሎ፣ ከወር አበባ በፊት ለሚመጣ ከባድ የስሜት መታወክ ቀረበ። የምትወስደው ሴት ከስሙ ተነሥታ ፕሮዛክ መሆኑን ልታውቅ አትችልም ነበር፤ ይህ ለታካሚ የሚገባ አክብሮት አይደለም።

እውነተኛው ተተኪ ሲምባልታ (ዱሎክሰቲን) የተፈቀደው በ2004 ነው፣ ጄኔሪኩ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ። በዝቅተኛ መጠን ተሞክሮ ውጤት ያጣው ይህ መድኃኒት መጠኑ ጨምሮ እንደገና የተፈተነ ነው። በስኳር በሽታ ሳቢያ ለሚመጣ የነርቭ ሕመምም ያገለግላል፤ ስለዚህ ተተኪ ሁሉ ባዶ ነው ማለትም ስሕተት ነው። የዴንማርኩ ኩባንያ ሉንድቤክ ሌላ የድባቴ መድኃኒት የሆነውን ሲታሎፕራምን ለያይቶ ያወጣው ኤሲታሎፕራምም ተሳክቶለታል። በ2018 ላንሴት ላይ የወጣው፣ 21 የድባቴ መድኃኒቶችን ያነጻጸረው ጥናት ሁሉም ከማስመሰያ እንክብል እንደሚሻሉ አሳይቷል፤ ኤሲታሎፕራም ከተሻሉት ጎን ነበር፣ በመድኃኒቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን ሰፊ አልነበረም።

"ጄኔሪክ ደካማ ነው" የሚባለውስ? አምራቹ መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባበት መጠንና ፍጥነት ከኦሪጅናሉ ጋር መቀራረቡን ማሳየት ግዴታው ነው። ጥርጣሬው እውነት የሆነበት ጊዜም አለ፦ በ2012 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ቡደፕሪዮን ኤክስኤል የተባለው የ300 ሚሊግራም ጄኔሪክ ከኦሪጅናሉ የድባቴ መድኃኒት ከዌልቡትሪን ኤክስኤል ጋር እንደማይስተካከል አረጋግጦ ከገበያ እንዲወጣ አድርጓል። የታካሚዎች ቅሬታ ቀድሞ የተሰማው ከዓመታት በፊት ነበር፤ ተቆጣጣሪው መዘግየቱ ያሳዝናል።

የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ለድባቴ ያሰፈራቸው ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ፓተንታቸው ያበቃ ነባር መድኃኒቶች ናቸው። ድርጅቱ ሕመሙ ከተሻለ በኋላም ሕክምናው ለወራት እንዲቀጥል፣ ሲቆምም በባለሙያ ክትትል ቀስ በቀስ እንዲሆን ይመክራል። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ፋርማሲ ገብቶ "ኦሪጅናሉን ስጡኝ" የሚል ሰው የዋጋውን ልዩነት ማስላት ያለበት በእነዚህ ወራት ሁሉ አባዝቶ ነው።