ለሜዳው ጥርስ፣ ለገደሉ ፍሬን

በኅዳርና በጥር መካከል ደብረ ብርሃን ላይ በማለዳ ሳይክል የነዳ ሰው፣ ፍሬን ምን ማለት እንደሆነ በጣቱ ያውቃል። ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተነጥፏል፤ የመሪው ብረት እጅ ይልጣል፤ ጠባሴ ሰፈር ሳይደረስ ጣት ይደነዝዛል። አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ማለዳ በግ ድንገት ከፊቴ ገባብኝ። የፍሬኑን እጀታ ልጨብጥ ብል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። እግሬን አስፋልቱ ላይ ጎትቼ በጫማዬ ሶል ቆምኩ። በጉም እኔም ተረፍን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሳይክል ሲገዛም ሲጠገንም ከቀለሙ በፊት የማየው ሁለት ነገር ነው፤ ጥርሱንና ፍሬኑን።

የማወራው ስለ ነጠላ ማርሽ ሳይክል ነው። ከፊት ፔዳሉ ላይ አንድ ጥርሳም ክብ፣ ከኋላ ቸርኬው ላይ ሌላ አንድ፣ በመካከላቸው ሰንሰለት፤ በቃ። እንደ ሻንጋዩ ፎኒክስ ያለው፣ ጥቁሩ፣ ከባዱ፣ ፍሬኑ በብረት ዘንግ የሚጎተተው ሳይክል የዚህ ዘር ነው። ባለ ብዙ ማርሹም ቢሆን መቀየሪያው ሲሰበር መለዋወጫ ይጠፋና ባለቤቱ ሰንሰለቱን አሳጥሮ በአንድ ማርሽ ሲነዳው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ነጠላ ማርሽ ላይ አንዳንዱ ወዶ፣ አንዳንዱ ተገዶ ይደርሳል። የደረሰ ሁሉ ግን አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። መንገዱ ሲለዋወጥ ማርሹ አይለወጥምና፣ የትኛውን አንዱን ልያዝ?

ደብረ ብርሃን ይህን ጥያቄ የምታከብደው በአቀማመጧ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ሰፊ አምባ ላይ ተቀምጣለች። በጫጫ በኩል የሚመጣው መንገድ አብዛኛው ገብስ የሚዘራበት ሜዳ ነው፤ ለነጠላ ማርሽ የተፈጠረ ይመስላል። ወደ ምሥራቅ ጥቂት ሲኬድ ግን መሬቱ ቁርጥ ይላል። በአንድ በኩል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አንኮበር አለች። በሌላው በኩል ጣልያን በወረራው ዘመን ዋሻ የቀደደበት ጣርማ በር አለ፤ እዚያ መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጫፍ ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ሳይክል ያለው ሰው ሜዳም ገደልም አለበት። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ጥርስ በየቀኑ ለሚነዱበት ሜዳ ይመረጣል፤ ፍሬን ግን በዓመት አንዴም ቢሆን ለሚወርዱት ገደል።

ከጥርሱ ልጀምር። ሳይክሉን ገልብጦ በመሪውና በኮርቻው ማቆም፣ አንዱ ጥርስ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ዙሪያውን መቁጠር ነው። የፊቱ 44፣ የኋላው 18 ቢሆን፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ቸርኬው ሁለት ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዙር ይዞራል። የትልቁ ባለ 28 ቸርኬ ዙሪያ ከነጎማው 2.2 ሜትር ገደማ ነው። ሲባዛ አንድ የፔዳል ዙር 5.4 ሜትር ያህል ያስኬዳል ማለት ነው። ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ የሚያዞር ሰው በሰዓት ከ19 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። የኋላው ጥርስ ሲበዛ ሳይክሉ ይቀላል፣ ይዘገያልም፤ ሲያንስ ይከብዳል፣ ይፈጥናልም። የማርሽ ትምህርት ሁሉ ከዚህች ማባዛት ይወጣል።

በአውሮፓ ከተሞች ለነጠላ ማርሽ የተለመደው ልክ አምስት ተኩል ሜትር አካባቢ ነው። ሻጩም ይህንኑ አስሮ ይልከዋል። እዚህ ግን ይከብዳል፤ ምክንያቱም አየሩ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ ያንሳል፤ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እርግጥ የሳሳ አየር ሜዳ ላይ ለሚፈጥን ሰው ውለታ አለው፤ ከፊት የሚጋፈጠው አየር ቀላል ነውና። ዳገት ላይ ግን ትግሉ ከክብደት ጋር ነው፤ ክብደትን ደግሞ ከፍታ አይቀንሰውም። ደጋ ብስክሌተኛ አያበቅልም ማለቴ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በወጣችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞች ነበሯት፣ ገረመው ደንቦባም ከእነሱ አንዱ ነበሩ። ነገሩ እዚህ ልብ የሚመታው ቶሎ ቶሎ ስለሆነ፣ እግር በከባድ ማርሽ ከሚገፋ በቀላል ማርሽ ቶሎ ቶሎ ቢዞር ይሻላል ነው። ከሰዓት በኋላ ሜዳውን የሚጠርገው ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ሜዳው ራሱ ዳገት ይሆናል። ከኋላ ግማሽ ኩንታል ገብስ የጫነማ ይህን ሊነግሩት አይገባም።

ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ያስረዱኝ አንድ አዛውንት ጠጋኝ ናቸው። «ጋሼ፣ ይህን ባለ 18 አውጥተው ባለ 20 ይሰሩልኝ» አልኳቸው። ጥርሱን በግራሶ በጠቆረ ጣታቸው እያዞሩ አዩትና፣ «ደግ አደረግህ ልጄ» አሉኝ። «ጉልበት አለኝ ብለህ ጉልበትህን አታስበላው።» አንዱ ጉልበት ኃይል ነው፣ ሌላው መገጣጠሚያው። በከባድ ማርሽ ከቆመበት ለመነሳት በየቀኑ የሚታገል ሰው የሚጎዳው ሁለተኛውን ነው። 44 በ20 አንድ ዙር 4.8 ሜትር ገደማ ያስኬዳል፤ ለከተማውና ለዙሪያው ሜዳ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ወደ አንኮበር መመላለስ ላለበት ሰው ባለ 22 አለ፤ እሱ 4.4 ሜትር ይሆናል። ጥርሱ ሲለወጥ ሰንሰለቱ ወፍራም ነው ቀጭን የሚለውን ማየት አይቅር፤ ቀጭን ሰንሰለት ወፍራም ጥርስ ላይ አይቀመጥም።

ሁለት ማርሽ የሚሻ ሰው የቀድሞ እሽቅድድመኞችን ዘዴ መዋስ ይችላል። በቱር ደ ፍራንስ እስከ እ.ኤ.አ. 1937 ድረስ ማርሽ መቀየሪያ ክልክል ነበር። ውድድሩን የመሠረቱት ኦንሪ ዴግራንዥ መቀየሪያ የሰውን ብርታት ይሸፍናል ብለው አያስጠጉትም ነበር። የተወዳዳሪዎቹ የኋላ ቸርኬ በግራም በቀኝም ጥርስ ነበረው፤ አንዱ ለሜዳ፣ አንዱ ለዳገት። ተራራው ሥር ሲደርሱ ወርደው ቸርኬውን ይፈቱታል፣ ገልብጠው ያስሩታል፣ ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ባለ ሁለት ወገን ቸርኬ ያገኘ ሰው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ካለ ይህን ዛሬም ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ቋሚ ማርሽ የሚባለውን መለየት ያስፈልጋል። በተለመደው ሳይክል እግር ሲቆም የኋላው ቸርኬ ትር ትር እያለ ለብቻው ይሄዳል። ድምፁ የሚመጣው ፍሪዊል በሚባለው የኋላ ጥርስ ውስጥ ካሉ፣ በቀጭን ሞላ ከሚገፉ ትንንሽ ምላሶች ነው፤ ወደፊት ሲገፋ ይይዛሉ፣ ሲተው ይለቃሉ። በቋሚ ማርሽ ምላስ የለም። ቸርኬው ከዞረ ፔዳሉ ይዞራል። እግር ወደ ኋላ ሲጫን ሳይክሉ ይዘገያል፤ ስለዚህ ራሱ ማርሹ እንደ ኋላ ፍሬን ያገለግላል። የነዱት ሰዎች መሬቱ በእግራቸው እንደሚሰማቸው ይናገራሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ጭቃውንም ጠጠሩንም ፔዳሉ ላይ ያነቡታል።

ቁልቁለት ላይ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። በ44 በ20 በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲወረድ እግር በደቂቃ ከ130 ጊዜ በላይ መዞር አለበት። በ60 ኪሎ ሜትር 200 ያልፋል። እግር ከፔዳሉ ካመለጠ መልሶ ማስገባት አይቻልም፤ የሚሽከረከረው ብረት ቁርጭምጭሚት ይመታል። ለእሽቅድድም በተሠራ ክብ ሜዳ ላይ ያለ ፍሬን የሚነዱት ከፊት በግ፣ ከኋላ የጭነት መኪና ስለሌለ ነው። በብሪታንያ ሕግ እንኳ ቋሚ ማርሽ ለኋላው ቸርኬ እንደ ፍሬን ቢቆጠርም የፊት ፍሬን ግዴታ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ብየዳው ነው። ፍሪዊሉን በብየዳ አስይዞ ቋሚ ማርሽ የሚያደርግ ጎረምሳ አይጠፋም። ፍሪዊል ቸርኬው ላይ የሚታሰረው እንደ ብሎን ወደ ቀኝ በሚጠብቅ ጥርስ ነው፤ ወደፊት ሲገፋ ይጠብቃል፣ ወደ ኋላ ሲጫን ይፈታል። በትክክለኛው የቋሚ ማርሽ ቸርኬ ላይ ይህን የሚከለክል፣ በተቃራኒው ወደ ግራ የሚጠብቅ ሁለተኛ ቀለበት አለ። የተበየደው ያ ቀለበት የለውም። ስለዚህ ልጁ ቁልቁለት ላይ ላቁም ብሎ በሙሉ ኃይሉ ወደ ኋላ በጫነባት ቅጽበት፣ ልክ ፍሬን ባስፈለገው ሰዓት፣ ማርሹ ይፈታል።

ጥርስ መቁጠር ለጎማም ይጠቅማል። ቋሚ ማርሽ ነጂ ፔዳሉን ሁሌ በአንድ አቋም ቆልፎ ጎማውን እያንሸራተተ የሚያቆም ከሆነ፣ 44 በ22 ላይ ጎማው የሚፋቀው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ 44 ለ22 እኩል ይካፈላልና። በ44 በ20 አምስት ቦታ፣ በ44 በ21 ደግሞ ሃያ አንድ ቦታ ይዳረሳል። አንዲት ጥርስ የጎማ ዕድሜ ታረዝማለች።

አሁን ወደ ገደሉ። ነጂውና ሳይክሉ ተደምረው 85 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን 1,700 ሜትር ገደማ ዝቅታ ሲወርዱ የሚለቀቀው ኃይል አራት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። የተወሰነውን ነፋሱ ይወስደዋል። በቀስታ ለሚወርድ ሰው ግን የሚበዛው ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ፍሬን ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት እንግዲህ ያቆማል ወይ ብቻ አይደለም፤ ይህን ሁሉ ሙቀት የት ያደርሰዋል ጭምር ነው።

ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዘው፣ ቸርኬው እምብርት ውስጥ የተደበቀው ፍሬን ለከተማ ግሩም ነው፤ ዝናብ አይነካውም፣ ካቦ የለውም፣ ለደነዘዘ ጣትም መድኃኒት ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ወጣቶች በእንዲህ ዓይነት አሮጌ ሳይክሎች አንድ ተራራ እየወረዱ ይወዳደሩ ነበር። እታች ሲደርሱ የፍሬኑ ግራሶ ጨሶ ስለሚያልቅ እንደገና መሙላት ነበረባቸው፤ መንገዱም ስሙን «ሪፓክ» ያገኘው ከዚያው እንደገና ከመሙላቱ ነው። የዚያ ቁልቁለት ዝቅታ ከጣርማ በር ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ይህ ፍሬን የሚሠራው ሰንሰለቱ እስካለ ብቻ ነው፤ ሰንሰለት ከወለቀ ፍሬንም የለም። ታምቡር ፍሬንም ቢሆን ዝናብ ይችላል እንጂ ሲግል እየደከመ ይሄዳል።

በዘንግ የሚጎተተው የድሮው ፍሬን የፍሬን ጎማውን ከቸርኬው ብረት በውስጥ በኩል ያስነካዋል። ጠንካራ ነው፣ ዘንጉም አይበጠስም። ጠላቱ ክረምት ነው። የሚያብለጨልጭ ብረት ሲረጥብ የፍሬን ጎማ ይዞት አይቆምም፤ በሐምሌ ዝናብ ጨብጦ ምንም እንዳልተፈጠረ መሄድ የሚያስደነግጥ ነገር ነው። በአልሙኒየም ቸርኬ ላይ በካቦ የሚሳብ ፍሬን በጣም ይሻላል፤ አልሙኒየም እርጥብም ሆኖ ይይዛል፣ ሙቀትንም ለነፋሱ ቶሎ ያስረክባል። ምርጫ ላለው ሰው የእኔ ምክር ይህ ነው፣ ከፊትም ከኋላም። ምርጫ የሌለው ከመቆሚያው ቀደም ብሎ በቀስታ እየነካካ ውኃውን ከብረቱ ይጥረግ፣ ከዚያ ይጨብጥ።

ከፊትም ያልኩት አስቤ ነው። «የፊቱን ከያዝክ ትገለበጣለህ» የሚል ፍርሃት ስላለ የፊት ፍሬናቸውን አስፈትተው የሚነዱ ብዙ ናቸው። ሳይክል ሲቆም ግን ክብደት ወደ ፊት ይዞራል፤ የኋላው ጎማ ይቀልና ይንሸራተታል፣ የፊቱ መሬት ይቆነጥጣል። ደረቅ አስፋልት ላይ የፊት ፍሬን ብቻውን ከኋላው እጥፍ ያህል ያቆማል። የሚገለብጠው በድንጋጤ ሙጭጭ ብሎ መጨበጥ ነው፤ ሰውነትን ወደ ኋላ ሰብስቦ፣ ክንድን አጽንቶ፣ እያጠበቁ መያዝ በሁለት ቀን ይለመዳል። ጭቃና ጠጠር ላይ፣ በተለይ ሲታጠፉ፣ ለኋላው ማድላት ነው።

የደብረ ብርሃን ብርድ የሚጨምረው አንድ ነገር አለ። የፍሬኑ እጀታ ከመሪው ከራቀ የደነዘዘ ጣት አይደርስበትም፤ አንድ ጣት ውፍረት ያህል ማስጠጋት ይቻላል። የዛገ ካቦ የጨባጩን ግማሽ ኃይል መንገድ ላይ ያስቀረዋል፤ በወር አንዴ ሽፋኑ ውስጥ ጥቂት የዘይት ጠብታ ማንጠባጠብ አለ። ጓንት ደግሞ እንደ ፍሬኑ አካል ይቆጠር።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ ወደ ዋሻው አፍ ሲገባ ወርጄ ሁለቱን ፍሬን በየተራ ጨብጬ ሳይክሉን ወደፊት እገፋዋለሁ። የፊቱ ሲያዝ የኋላው ቸርኬ ከመሬት መነሳት አለበት። የኋላው ሲያዝ ጎማው ሳይዞር ተጎትቶ መሬቱን መፋቅ አለበት። ከዋሻው ወዲያ መንገዱ ሲዘቀዘቅ አንዱን ፍሬን ብቻ ይዤ አልቆይም፤ የፊቱን፣ ከዚያ የኋላውን፣ በመካከል ለቀቅ እያደረግሁ እወርዳለሁ። ደብረ ሲና ስደርስ ከኮዳዬ ጠብታ ውኃ ቸርኬው ላይ ጣል አደርጋለሁ። ጠብታዋ ወዲያው ተንና ከጠፋች ቆሎ ገዝቼ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ፤ ሌላ ጠብታ ጥዬ ሳትተን እስክትቆይ ድረስ ወደ ሮቢት አልነሳም።