በጆሮ የሚነበብ መጽሐፍ

መጽሐፍ የሚታተመው አዲስ አበባ ነው፤ ዲላ ደግሞ በሞያሌው መንገድ ወደ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ አሳታሚውም፣ አታሚውም፣ ትልልቁ መጽሐፍ መደብርም ከዋና ከተማዋ ብዙም አልራቁም። አዲስ ልቦለድ ዲላ ወደምትገኝበት ጌዴኦ ዞን ለመድረስ መኪና ላይ መጫን፣ የሚሸጥለት ነጋዴ ማግኘት፣ የወረቀት መወደድ ያናረውን ዋጋ ከፍሎ የሚገዛ አንባቢም ማግኘት ነበረበት። ያው ልቦለድ በድምፅ ተቀርጾ ሲለቀቅ ግን ቦሌ ላለውም ዲላ ላለውም እኩል ይደርሳል። ፖድካስትና ሌሎች ዲጂታል መገናኛዎች በኅትመት ዓለም ላይ ካመጡት ለውጥ ሁሉ ለዲላ ትልቁ ይህ ነው።

የፖድካስት አሠራር ብዙ አያስቸግርም። አዘጋጁ ድምፁን ይቀርጻል፣ ያርማል፣ ኢንተርኔት ላይ ይጭናል። አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር አር ኤስ ኤስ በሚባል የመረጃ ሰነድ ላይ ይመዘገባል፤ የተከታዮቹ መተግበሪያ ሰነዱን እየፈተሸ አዲሱን ክፍል ያገኘዋል፤ አድማጩም ፋይሉን አውርዶ በፈለገው ሰዓት ይሰማዋል። ሬዲዮ ሰዓቱን ጠብቆ የሚከፍተውን አድማጭ ይፈልጋል፤ ፖድካስት ግን አድማጩ እስኪመቸው ድረስ ይጠብቃል። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ታየ፤ በዓመቱ አፕል ፖድካስትን በአይቲውንስ ውስጥ ሲያካትተው ዓለም ለመደው።

እኛ ዘንድ መንገዱ ትንሽ ይለያል። እንደ ደጃፍ ያሉት የአማርኛ ፖድካስቶች በብዛት የሚታዩት በዩቲዩብ፣ በምስል ጭምር ነው። ለተማሪ ኪስ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። በሴኮንድ 64 ኪሎ ቢት የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ንግግር 29 ሜጋ ባይት አካባቢ ይይዛል፤ የዚያው ሰዓት ቪዲዮ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ባይት ይበላል። የዕለት ፓኬጅ ገዝቶ ለሚጠቀም ወጣት ድምፁ ብቻ ተለይቶ በቴሌግራም ቢለቀቅለት ትልቅ ውለታ ነው።

ደግሞም በጆሮ ማንበብ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ሲተርከው፣ መጽሐፉን በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ሁሉ ባለታሪኮቹን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አወቀ። ወጋየሁ በ1982 ዓ.ም. ቢያርፍም ትረካው ከሬዲዮ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ዩቲዩብ ተሻግሮ ዛሬም ይደመጣል። ፊደል የማይቆጥር ገበሬና የዩኒቨርሲቲ መምህር እኩል የተካፈሉት ሥራ ነበር፤ ለዛሬዎቹ ፖድካስተሮች ከዚህ የተሻለ መምህር አይገኝም።

ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ሬዲዮ በ2000 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር መደበኛ ሞገዱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አያልፍም ነበር። የመዓዛ ብሩን የቃለ ምልልስ ዝግጅት «የጨዋታ እንግዳ»ን የዲላ ሰው የሚሰማው ዋና ከተማዋን ሲጎበኝ ብቻ ነበር ማለት ነው። ቃለ ምልልሶቹ ኢንተርኔት ላይ ከተቀመጡ በኋላ ይህ አጥር ፈረሰ። በስደት ያሉ ጋዜጠኞች ያቋቋሙት ዋዜማ ሬዲዮ ደግሞ የማሠራጫ ማማ ሳይተክል በኢንተርኔት ድምፅ ማሠራጨት ጀመረ። በኅትመት በኩል፣ አዲስ ስታንዳርድ መጽሔት በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት፣ ወረቀቱን ትቶ በዲጂታል ብቻ ቀጠለ። ኅትመት ሲዘጋ አንባቢም አብሮ ይበተን የነበረበት ዘመን አልፏል።

ይሁንና የአዲሱ ቤት መሠረት የሌላ ሰው መሬት ላይ ነው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው ሲቆዩ፣ ሥራውን በእነዚህ መድረኮች ብቻ የሚያከፋፍል አዘጋጅ በሩ ተዘጋበት። ከመድረኩ ሌላ ሕጉም አለ፤ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የበይነ መረብ መገናኛ ብዙኃንንም በሕጉ ጥላ ሥር አስገብቷል።

ይበልጥ የሚያሳስበው የደራሲው ነገር ነው። በቴሌግራም የሚዞረው መጽሐፍ አብዛኛው ያለ ፈቃድ በስካነር የተነሣ ነው፤ ሳይጠየቅ የተተረከውም ብዙ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት እስካለና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። አዋጁ በወጣበት ዓመት ያረፉት የሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ ገና እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ ባለቤት አለው ማለት ነው። ትረካውን መውደድና ለደራሲው ቤተሰብ መክፈል አብረው መሄድ አለባቸው። ለዚህ እንደ ተራኪና አፍሮ ሪድ ያሉት መተግበሪያዎች ተስፋ ይሰጣሉ፦ በውል የተገኘን ሥራ በድምፅ ወይም በኤሌክትሮኒክ ቅጂ ለገዢ ያቀርባሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ባንክ ሳይሄዱ በስልክ መክፈል ስለተለመደ፣ አነስተኛ ዋጋ ያለውን ሥራ ከሩቅ መሸጥ ተችሏል።

ወደ ጌዴኦ ሲመጣ ጉዳዩ ከአማርኛ ልቦለድ ይሰፋል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰት፣ በእንሰቱ ሥር ቡና የሚበቅልበትን ይህን እርሻ የሚያቆየው ዕውቀት በአብዛኛው የሚተላለፈው በአፍ ነው። የትኛው ዛፍ ይቆረጣል፣ የትኛው ደን አይነካም፣ ማን ምን ይወርሳል የሚለውን ሽማግሌዎች በሶንጎ ሸንጎ ላይ ይናገሩታል፤ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚያሸጋግረው የባሌ ሥርዓትም የሚጸናው በቃል ነው። የጌዴኦ ቋንቋ ጌዴኡፋ በላቲን ፊደል እየተጻፈ በትምህርት ቤት ቢሰጥም፣ በቋንቋው የታተመው መጽሐፍ ከተናጋሪው ብዛት ጋር ጨርሶ አይመጣጠንም። ገበያው ትንሽ ስለሆነ አሳታሚ ገንዘቡን ለመድፈር ይቸገራል።

ድምፅ ይህን ስሌት ይቀይረዋል። አንድ ሺህ ቅጂ ለማተም የሚጠየቀው ገንዘብ አያስፈልግም፤ ጥሩ ማይክራፎን፣ ጸጥ ያለ ክፍልና ቋንቋውን አጥርቶ የሚናገር አዘጋጅ ይበቃል። በይርጋጨፌና በወናጎ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ለምትለቅም ሴት፣ ጓሮዋ እንሰት ለምትፍቅ እናት፣ እጅ ሥራ ይዞ ጆሮ ግን ነፃ ነው። ስለ ቡና በሽታ፣ ስለ ባሌ ታሪክ፣ ስለ ልጆች ተረት በጌዴኡፋ የሚወጣ ሳምንታዊ ዝግጅት መጀመሪያ ቢደመጥ፣ ከዚያም ንግግሩ ተገልብጦ ቢታረም፣ መጽሐፉ ከድምፁ ይወለዳል። በሌላው ዓለም መጽሐፉ ቀድሞ ትረካው ይከተላል፤ እዚህ ግን ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ያዋጣል።

ለዚህ ሥራ ዲላ የሚያስፈልጋትን ብዙውን ይዛለች። ዲላ ዩኒቨርሲቲ የሀገር በቀል ዕውቀት የሚያጠና ተቋም አለው፤ ቋንቋውን የሚያውቁ መምህራንና ስልክ ይዘው የሚውሉ ተማሪዎችም አሉ። ሥራው ግን ከስልክ ቀረጻ በላይ ጥንቃቄ ይሻል። ሽማግሌው ድምፁ የት እንደሚለቀቅ ተነግሮት መፍቀድ አለበት፤ ለሸንጎ የተነገረ ሁሉ ለዩቲዩብ አይሆንም። የተናጋሪው ስም፣ ቀበሌውና ቀኑ ከፋይሉ ጋር መመዝገብ ይኖርባቸዋል። ለቴሌግራም ከተጨመቀው 29 ሜጋ ባይት ሌላ፣ ያልተጨመቀው ዋናው ቅጂም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መቀመጥ አለበት። የአንድ ሰዓት ባለ አንድ መስመር ቀረጻ በሲዲ ጥራት ወደ 318 ሜጋ ባይት ስለሚይዝ፣ ሦስት ሺህ ሰዓት ያህል የሽማግሌዎች ንግግር አንድ ቴራ ባይት በሚይዝ ዲስክ ላይ ይገባል።