ድድ ሲደማ ዝም አንበል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ሥጋውንና ደሙን ከተቀበልን በኋላ ምራቅ እንኳ ከአፋችን እንዳይወጣ እንጠነቀቃለን። ስለዚህም ድዱ የሚደማ ክርስቲያን ይጨነቃል። አንዳንዶቻችን ለንስሐ አባታችን ሳንናገር፣ ለሐኪምም ሳናሳይ በዝምታ ከቅዱስ ቁርባን እንርቃለን። ዝምታው ነፍስንም ሥጋንም ይጎዳልና ስለ ድድ ሕመም ጥቂት እንመልከት።

ከተመገብን በኋላ በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ ተሐዋስያን የሚራቡበት ለስላሳ ሽፋን ይጋገራል። በየዕለቱ ካልተጠረገ እየጠነከረ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ድዱም ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል። በዚህ ደረጃ ሕመሙ ፈጽሞ ሊድን ይችላል። ቸል ከተባለ ግን ጥርስን የያዘው አጥንት እየተበላ ይሄዳል፤ ጥርስም ይነቃነቃል፣ ይወልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በጽኑ የድድ ሕመም የተያዙ ሰዎች በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን ይበልጣሉ።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ አንዱ ብልት ሲታመም ሌሎቹም አብረው እንደሚታመሙ በቆሮንቶስ መልእክቱ አስተምሮናል። ምሳሌው ለቤተ ክርስቲያን አንድነት የተነገረ ቢሆንም በሥጋችንም እናየዋለን። የስኳር ሕመም ድድን ያዳክማል፤ የታመመ ድድም በፈንታው የደም ስኳርን መቆጣጠር ያስቸግራል። የልብ ቫልቩ የተጎዳ ሰው ደግሞ ከአፍ ወደ ደም የሚገቡ ተሐዋስያን ልቡን ሊመርዙት ስለሚችሉ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። የድድ ሕመም ከልብና ከደም ሥር ሕመም፣ እንዲሁም ያለ ጊዜው ከመውለድ ጋር አብሮ ይታያል፤ ይሁንና አንዱ የሌላው መንሥኤ መሆኑ ገና በምርምር አልተረጋገጠም።

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ለምንኖር፣ ለሰሊጥ አረምና አጨዳም ከደጋ ለምንወርድ ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። የድድ መድማት ሁሉ የድድ ሕመም አይደለም። በዚህ ቆላ የሚገኘው ካላዛር በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ዛፍ አካባቢ በምትኖር የአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ መክሳትና የጣፊያ ማበጥ የሚታይበት ሰው ከአፍንጫው ወይም ከድዱ ከደማ ፈጥኖ ይመርመር። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ ከታከመ ግን ይድናል። በመተማ ሆስፒታልና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል።

በእርሻ ካምፕ ለወራት ያለ አትክልትና ፍራፍሬ የሚኖር ሰውም በቫይታሚን ሲ እጥረት ድዱ ሊደማ ይችላል። ይህን በጾም ማመካኘት አይገባም፤ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ጎመን ሁሉም የጾም ምግቦች ናቸውና።

ጥንቃቄው ከአቅማችን በላይ አይደለም። ጠዋትና ማታ ጥርስን በብሩሽ ወይም ጫፉ በለሰለሰ ንጹሕ የወይራ መፋቂያ በዝግታ ማጽዳት ይገባል። ስለደማ ማጽዳቱን ማቆም ሕመሙን ያብሰዋል። ለቁርባን የተዘጋጀ ሰው ሥርዓቱን እንዲጠብቅ ከዋዜማው የጾም ሰዓት አስቀድሞ አፉን በሚገባ ያጽዳ። ድንጋይ የሆነው ግን በብሩሽ አይለቅምና በጥርስ ሐኪም መጠረግ አለበት። ሲጋራ ድድን እጅግ ይጎዳል። ድድን ለውበት ወይም ለፈውስ ብሎ በጋራ መርፌ መነቀስም የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል።

ወደ ሐኪም መሄድ የእምነት ጉድለት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትም ከእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑን እንድናውቅ ያስተምረናል። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበረ። ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸው ይታወሳል።

ስለዚህ ድዳችን ሲደማ ሁለት ደጆችን እናንኳኳ፦ ሕመሙን ለሐኪም እናሳይ፤ ስለ መቍረብ ያለንን ጥያቄም ለንስሐ አባታችን እናቅርብ። በራሳችን ፈርደን ከሕይወት ማዕድ አንራቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።