ባዮሎጂው ነው የጣላቸው ወይስ እንግሊዝኛው?

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች የ12ኛ ክፍል ተማሪ የባዮሎጂ መጽሐፏን ዘርግታ ነበር። በየመስመሩ አናት በእርሳስ አማርኛ ጽፋበታለች። ስለ ኩላሊት ጠየቅኋት፤ ደም እንዴት እንደሚጣራ ጎረቤላ ሳንደርስ በአማርኛ አስረዳችኝ። ስለዚያው ስለ ኩላሊት በእንግሊዝኛ የቀረበውን የመልመጃ ጥያቄ ስታነብ ግን መሃል ላይ ቆመች። የምታውቀውን እየጠየቃት መሆኑን አልተረዳችም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። ፊዚክሱም ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ያልተማረውን ልጅ ቋንቋው ካልገባው ልጅ አይለይም።

አንኮበር ከእንግሊዝኛ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። አንኮበር መናገሻቸው የነበረው የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካፒቴን ሃሪስ ከመራው የእንግሊዝ መልእክት ጋር ውል የተፈራረሙት በ1834 ዓ.ም. ነው። ቀደም ብለው ሸዋ የደረሱት ሚስዮናውያን ክራፕፍና ኢዘንበርግ አማርኛ አጥንተው ነበር፤ የኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለንደን ታተመ። ያኔ ቋንቋ የመማሩ ድካም የእንግዳው ነበር። ከ1933ቱ ነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ይዞ የትምህርት ቋንቋ ሆነ፤ ከ1955 ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች መጡ። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ለአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲሰጥ ሁለተኛ ደረጃን ለእንግሊዝኛ ተወ። በ1990ዎቹ መጨረሻ «ፕላዝማ» የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ገባ፤ የቴሌቪዥኑ መምህር ልጁ ገባው አልገባው ሳይጠይቅ ይቀጥል ነበር።

«ልጁ የሚወድቀው ባዮሎጂው ጋ ሳይደርስ፣ በሩ ላይ ነው» አሉኝ ደብረ ብርሃን ያገኘኋቸው ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር። «እንግሊዝኛውም ቢሆን ፊደል መርጦ ማጥቆር ነው። አይናገርበት፣ አይጽፍበት። ድርሰት ሳስተምር ተማሪዎቼ ‘ጋሼ፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?’ ይሉኛል። ምን ልበላቸው? አይመጣም! ዘጠና ልጅ በአንድ ክፍል ይዤ ማንን ላናግር?»

በጥቂት ትምህርት ቤቶች አንዱን የሳይንስ ሞዴል ፈተና አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አትሞ ልዩነቱን መለካት አይቻልም ወይ ብዬ አንድ የትምህርት ኃላፊ ጠየቅሁ። «የሚመለከተው ሌላ ክፍል ነው» አሉኝ። የትኛው ክፍል እንደሆነ ስጠይቅ ስብሰባ አለብኝ ብለው ተነሡ።

ከአማራ ክልሉ ጦርነት የተነሣ የትምህርት ጊዜ የባከነባቸውም የሚቀመጡት ለዚሁ ፈተና ነው። መምህሩ ካስተማሯቸው ሴቶች ውስጥ ውጤቱ በወጣ ማግስት ለዓረብ አገር ጉዞ ፓስፖርት ያወጡ አሉ። «ጎበዞቼ ነበሩ» አሉኝ፤ «የሚያውቁትን ማንም አልጠየቃቸውም።»