ካርታው ወይስ ሐይቁ? ስለ ቅየሳና ስለ አየር ፎቶግራፍ ከጫሞ ዳርቻ የተወሰደ ትምህርት

በብዙ ትምህርት ቤቶች የካርታ ንባብ ሲሰጥ ካርታው ያለቀለትና የማይጠየቅ ነገር ሆኖ ይቀርባል። ተማሪው ምልክቶችን ያጠናል፣ ርቀት ያሰላል፤ ካርታው እንዴትና መቼ እንደ ተሠራ ግን አይነገረውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአርባ ምንጭ፣ በሼቻ ከፍታ ላይ ሆነን፣ የመምህርነት ሠልጣኞች መስፈርቱ 1፡50,000 የሆነ አሮጌ ካርታ ከጫሞ ሐይቅ ጋር ሲያመሳክሩ የውኃው ዳርቻ በካርታው ላይ ከተሰመረው መስመር ጋር አልገጥም አላቸው። አንዲት ሠልጣኝም፣ «የተሳሳተው ካርታው ነው ወይስ ሐይቁ?» ስትል ጠየቀች። ይህ ጽሑፍ ለጥያቄዋ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

1. ፎቶግራፍ እንዳለ ካርታ አይሆንም

እንዲህ ያሉ ካርታዎች በአብዛኛው የሚዘጋጁት ከአየር ፎቶግራፍ ነው። አውሮፕላኑ ከፍታውን ሳይለውጥ በቀጥታ መስመር እየበረረ፣ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከቀዳሚው 60 በመቶ ያህሉን እንዲደግም ተደርጎ ይነሣል። ይህም የሚደረገው አንድን ቦታ ከሁለት አቅጣጫ ካላዩት ከፍታውን ለማወቅ ስለማይቻል ነው። ጥንድ ፎቶግራፎች በስቴሪዮስኮፕ ሲታዩ ተራራውና ሸለቆው ጎልተው ይታያሉ። ከዚሁ ምስል ቦታንና ከፍታን የመለካት ሙያ ፎቶግራሜትሪ ይባላል።

ፎቶግራፍ ብቻውን ካርታ የማይሆንበትን ምክንያት የጋሞ ምድር በሚገባ ያስረዳል። የጫሞ ሐይቅ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,110 ሜትር ያህል ሲሆን ጨንቻ 2,700 ሜትር ያህል ነው። ለምሳሌ የትኩረት ርቀቱ 152 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሜራ የያዘ አውሮፕላን ከሐይቁ ገጽ 7,600 ሜትር ከፍ ብሎ ይበር እንበል። 7,600 ሜትር ለ0.152 ሜትር ሲካፈል 50,000 ስለሚሆን፣ በሐይቁ ዳርቻ የተነሣው ፎቶግራፍ መስፈርት 1፡50,000 ነው። አውሮፕላኑ ያንኑ ከፍታ ጠብቆ ጨንቻ ሲደርስ ግን ከመሬቱ የሚርቀው 6,010 ሜትር ብቻ ስለሆነ መስፈርቱ 1፡39,500 ያህል ይሆናል። ስለዚህ በፎቶግራፉ ላይ ያለ 1 ሴንቲ ሜትር በሐይቁ ዳር 500 ሜትር፣ በጨንቻ ግን 395 ሜትር ያህል ነው። ይህን ሳያርም ሁለቱን የሚያጋጥም ሰው የደጋውን ማሳ ከትክክለኛ መጠኑ አግዝፎ ያሳያል። መዛባቱ የሚታረመው ቀያሹ መሬት ላይ በለካቸው የቁጥጥር ነጥቦች አማካይነት ነው።

2. ልኬቱ ከየት ይነሣል?

በነባሮቹ ካርታዎች ኅዳግ ላይ «አዲንዳን» የሚል ቃል ይነበባል። ይህ በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ የሚገኝ የቅየሳ ነጥብ ስም ነው፤ የነባሮቹ ካርታዎች ልኬት በእርሱ ላይ ተመሥርቷል። ዛሬ የእጅ ስልክ የሚጠቀምበት የሳተላይት ልኬት ግን ከመሬት ማእከል የሚነሣ ሌላ ሥርዓት ነው። በዚህም የተነሣ የአንድ ቦታ የፍርግርግ ቁጥር በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል በአገራችን ከ200 ሜትር በላይ ይለያያል። የትምህርት ቤት ቦታ የሚመርጥ የፕላን ባለሙያ ከስልክ ያገኘውን ቁጥር ሳይለውጥ በአሮጌው ካርታ ላይ ቢያሰፍር ቦታውን ይስታል። በጫሞ ዳርቻ 200 ሜትር በደረቅ ምድርና በውኃ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

3. ካርታ ዘመን አለው

የሐይቅ ዳርቻ እንደ ዝናቡ፣ እንደ ገባር ወንዞቹና እንደሚያመጡት ደለል ይለዋወጣል። የአየር ፎቶግራፍ ደግሞ የሚይዘው የአንዲትን ዕለት ገጽታ ብቻ ነው፤ ደፍርሶ የሚታየውን የዓባያ ውኃ ዘልቆም ጥልቀቱን ሊለካ አይችልም። ስለሆነም ተጨማሪ ምርምር ያስፈልጋል። በ1979 ዓ.ም. የተቋቋመውና በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ ያደገው የአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ነው። የኢንስቲትዩቱ ባልደረባ የነበሩት ዶክተር ስለሺ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2001 በድሬስደን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የዓባያና የጫሞን ተፋሰስ የሚመለከት ሲሆን፣ በቂ መረጃ በሌለበት አካባቢ የውኃ ሀብትን እንዴት ማጥናት እንደሚቻል ይመረምራል። ከሥራዎቹም አንዱ የሐይቆቹን ጥልቀት መለካት ነበር።

4. ለክፍል ትምህርት

ከላይ እንደተገለጸው ካርታውም ሐይቁም አልተሳሳቱም፤ የተለያየው ዘመናቸው ነው። ስለዚህ መምህሩ ተማሪው ካርታ ባነሣ ቁጥር ሦስት ጥያቄዎችን እንዲጠይቅ ሊያለማምደው ይገባል፦ በምን ዘዴ ተለካ? ልኬቱ ከየት ተነሣ? መቼ ተነሣ? ለዚህም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጣትን ከፊት አቁሞ ዓይኖችን ተራ በተራ መክደንና ጣቱ የተዛወረ መስሎ መታየቱን መመልከት የስቴሪዮስኮፕን መሠረት ያሳያል፤ የትምህርት ቤቱን ግቢ በገመድ ለክቶ መንደፍ ደግሞ የቀያሹን ሥራ ያስተምራል። ነገ የማሳው ወሰን በካርታ የሚወሰንበት ዜጋ ይህን ማወቅ መብቱን ለመጠበቅ ጭምር ያስፈልገዋል።