«አሪፍ ነው» አይበቃም

ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ ፒያሳ ካፌዎች፦ ካሜራ የሚወዱ ጓደኛሞች ስለ ፎቶዎቻቸው እውነቱን እንዴት ይነጋገሩ?

ከፒያሳ ቁልቁል ወርዶ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የደረሰ ፎቶ ወዳጅ ካሜራውን ሳያወጣ አያልፍም። ወያላው ይጣራል፤ ሸክም ያጎበጠው ሰው በሁለት ታክሲ መሐል ሾልኮ ይሻገራል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የእግረኛው ጥላ ከራሱ ይረዝማል። ድልድዩ የሚጠራው በፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር በሆኑት፣ በ1919 ዓ.ም. ባረፉት በአባ መላ። ሕዝቡ እኒህን ሰው ከጦር ሜዳው ባልተናነሰ በፍርድ አዋቂነታቸው ያስታውሳቸዋል።

በስማቸው በተሰየመው ድልድይ ላይ ለሚነሡት ፎቶዎች ግን ፍርድ የሚሰጥ ሰው ብርቅ ነው። ስልኩ ወይም ካሜራው በጠረጴዛ ዙሪያ ይዞራል፣ ሁሉም «አሪፍ ነው» ይላል፣ ማኪያቶው ይጠጣል፣ ባለ ፎቶው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ጉድለት ይዞ ይመለሳል። ይህ ደግነት የሚመስል ዝምታ ፎቶ አንሺውንም ከተማውንም ይጎዳል።

ሁለተኛ ዕድል የማይሰጥ ከተማ

በሌላ ቦታ «ተመልሰህ አንሳው» ማለት ይቻል ይሆናል። ፒያሳ ባለበት በአራዳ ግን ይህ ምክር ብዙ ጊዜ አይሠራም። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ሲዛወር፣ የቲማቲም ሣጥን ተሸክመው በጭቃው መሐል የሚሮጡት ልጆች ከዚያ ሰፈር ጠፉ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ዶሮ ማነቂያና በፒያሳ ዙሪያ ያሉ አሮጌ መንደሮች ፈረሱ። ከዚያ በፊት እነዚያን ቅያሶች ያነሣ ሰው በእጁ ያለው የመጨረሻው ፎቶ ነው። ጠሞ ከሆነ ጠሞ ቀርቷል፤ ደብዝዞ ከሆነ ደብዝዞ ቀርቷል።

ይህን ቀድመው የተረዱ ባለሙያዎች አሉን። ሥዕል ተምሮ፣ የዘይት ቀለም ስላልተስማማው ፊቱን ወደ ካሜራ ያዞረው ሚካኤል ፀጋዬ የአዲስ አበባን መፍረስና መገንባት በፎቶ ተከታትሏል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው መጽሐፍ ደግሞ ከነዋሪዎች የቤት አልበም የተሰበሰቡ ፎቶዎችን ይዟል። እነዚያን ፎቶዎች ያነሡ ሰዎች የአንድ ቀን ደስታን ማስቀረት ፈልገው ነበር፤ ዛሬ ግን የከተማዋ ማስረጃ ሆነዋል። አሁን በትርፍ ጊዜያችን የምናነሣቸውም ዕጣቸው ይኸው ነው። ስለዚህ ጓደኛችን ፎቶው ላይ የጎደለውን ቶሎ ማወቅ አለበት፤ ቦታው ገና በቦታው ሳለ።

ድካሙ ፎቶው ውስጥ አይታይም

እንበልና ፎቶው ይህ ነው፦ አንድ ሰው የስፖንጅ ፍራሽ በጀርባው ተሸክሞ ድልድዩን ይሻገራል። ያነሣው ልጅ በጣም ይወደዋል። ረጅም ሰዓት ቆሞ ጠብቋል፣ ፀሐይ መትታዋለች፣ ሰውየው ብቅ ሲል ልቡ ዘሏል። ፎቶውን ባየ ቁጥር ያ ሁሉ ይመለስለታል።

ጓደኞቹ የሚያዩት ግን ሌላ ነው። የሰውየው እግር ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተቆርጧል። የመብራት ምሰሶ ከአናቱ ላይ የበቀለ ይመስላል። ቀኝ ጥግ ላይ የታክሲው መስታወት ያብለጨልጫል፤ ዓይን ከሰውየው ቀድሞ ወደዚያ ይሮጣል። ሹተሩ 1/60 ላይ ስለነበረ ፊቱ ደብዝዟል፤ 1/250 ቢሆን ኖሮ ይጠራ ነበር። በሌላ በኩል፣ ከፍራሹ ሥር ወጥታ ገመዱን የጨበጠችው እጅ ድንቅ ናት። የሰውየው ድካም በሙሉ እዚያች እጅ ላይ አለ። ሁለት እርምጃ ጠጋ ብሎ እሷን ማንሣት ይቻል ነበር።

እውነተኛ ሂስ ይህን ይመስላል። ጉድለቱንም ውበቱንም በቦታው ያሳያል፣ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንደሚቻል ይጠቁማል። «አሪፍ ነው» እና «አይረባም» እኩል ባዶ ናቸው፤ ሁለቱም ለሚቀጥለው ቅዳሜ ስንቅ አይሆኑም።

የኒው ዮርክን ጎዳናዎች በማንሣት የታወቀው ጋሪ ዊኖግራንድ ይህን ችግር በራሱ መንገድ ተጋፍጦታል። ያነሣውን ፊልም ወዲያው ማየት አይወድም ነበር፤ ሲያነሣ የተሰማው ስሜት እስኪበርድለት አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ያቆየዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሞት ከ2,000 በላይ ያልታጠበ ጥቅል ፊልም ትቶ ነበር። ለእኛ አንድ ዓመት መጠበቅ ግዴታ አይደለም። ሲነሣ አብሮ ያልነበረ ጓደኛ ፎቶውን እንደ እንግዳ ያየዋል፤ ጊዜ የሚሠራውን ሥራ እሱ በደቂቃ ይሠራዋል።

ለታላቅ እንዴት ይነገራል?

እኛ ዘንድ ነገሩን የሚያከብዱት ሁለት ሸክሞች አሉ። አንዱ ታሪክ ነው። በደርግ ዘመን በየስብሰባው የሚካሄደው ሂስና ግለ ሂስ፣ ከዚያም በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የመጣው ግምገማ፣ ብዙ ሰው አስተያየት ሲሰማ ክስ እንደሚሰማ አድርጎ እንዲደነግጥ አድርገውታል። ሌላው ይሉኝታ ነው። ከጠረጴዛው ዙሪያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና ጡረታ የወጡ ጋሼ አብረው ቢቀመጡ፣ ልጅቷ የእርሳቸው ፎቶ እንደጠመመ እያየች ዝም ትላለች። «ምን ብዬ ልናገራቸው?»

መፍትሔው ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ራስ ዓይን መናገር ነው። «ጋሼ፣ ፎቶዎን ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ወደ ታክሲው ነው፤ ሰውየውን ያገኘሁት ቆይቼ ነው። እንዲህ እንዲታይ ፈልገው ነበር?» ትላለች። ይህ ንግግር አክብሮት አልጎደለውም፤ እውነትም አልጎደለውም። ጋሼም ተራቸው ሲደርስ «ልጄ፣ የአንቺ ደግሞ ሰማዩ በዝቶ ሰዎቹን አሳንሷቸዋል» ቢሏት አትከፋም። አሜሪካዊቷ የዳንስ ባለሙያ ሊዝ ለርማን እ.ኤ.አ. በ1990 ባዘጋጀችው የአስተያየት ዘዴ ተመሳሳይ ሥርዓት አለ። ተመልካቾች መጀመሪያ ምን እንደነካቸው ይናገራሉ፤ ከዚያ ባለ ሥራው ይጠይቃል፤ ተመልካቾች ፍርድ ያላዘለ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ በመጨረሻ «አስተያየት አለኝ፣ ልንገርህ?» ብለው ፈቃድ ሲያገኙ ብቻ ሐሳባቸውን ይሰጣሉ።

እኛም ከዚህ የቆየ የራሳችን ትምህርት ቤት አለን። በጎጃምና በዋድላ የቅኔ ጉባኤዎች ተማሪው ከሰው ተነጥሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ጓደኞቹ እየሰሙ መምህሩ ፊት ይነግራል። ቤቱ ቢጎድል ወይም ምሥጢሩ ቢፋለስ እዚያው ይታረማል። ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ረጃጅሞቹ ድረስ ሁሉም በዚህ መንገድ ያልፋል። የሚታረመው ቅኔው ነው፤ ተማሪው አይዋረድም፤ ምክንያቱም አጠገቡ የተቀመጠውም ትናንት ታርሟል፣ ነገም ይታረማል። በዚያ ጉባኤ «ይበል!» የሚለው አድናቆት ክብደት ያለው ለሁሉም ስለማይታደል ነው። የፎቶ ወዳጆች ክብ ከዚህ ሊወርሰው የሚገባው ይህንን እኩልነት ነው፦ ሁሉም ያሳያል፣ ሁሉም ይታረማል።

ዳራውና ሰውየው

መንገድ ላይ ለሚነሣ ፎቶ ሁለት ጥያቄዎች መቅረት የለባቸውም። የመጀመሪያው ስለ ዳራው ነው፦ ይረዳል ወይስ ይሻማል? ፎቶ አንሺው ግርማ በርታ ለዚህ ጥያቄ ደፋር መልስ ሰጥቷል። በስልኩ ያነሣቸውን የአዲስ አበባ መንገደኞች ከግርግሩ ነጥሎ በአንድ ወጥ ቀለም ላይ አቆማቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስ እና የኢንስታግራም ሽልማትን ያገኘውም በዚህ ሥራው ነው። ሁሉም እንደ እሱ ማድረግ አይጠበቅበትም። ግርግሩ ራሱ ታሪኩ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን ዳራው በምርጫ መግባት አለበት እንጂ ባለማስተዋል መግባት የለበትም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ተነሺው ሰው ነው። ያ ፍራሽ ተሸካሚ ፎቶውን ቢያይ ራሱን ያውቀዋል? ያፍርበታል ወይስ ይኮራበታል? ከሩቅ በረጅም ሌንስ የተሰረቀ ፊት ስለታም ሊሆን ይችላል፤ አጠገብ ሄዶ ሰላም ብሎ የተነሣ ፊት ግን ሌላ ነገር ይሰጣል። ስለ ሹተርና ስለ ብርሃን እያወራን ይህን የምንዘል ከሆነ ሂሳችን ግማሽ ነው። ጓደኛችን የድሃን ሰው ድካም እንደ ጌጥ እየሰበሰበ ከሆነ ሊነግረው የሚገባው የሚወደው ሰው ነው።

መቀበልም ሙያ ነው

አስተያየት የሚሰማ ሰው መጀመሪያ ዝም ይበል። «ብርሃኑ ስለጠፋብኝ ነው» እያለ ማብራራት የጀመረ ሰው ጓደኞቹን ያሳፍርና እውነቱን ከመናገር ያስቀራቸዋል፤ ፎቶው በሌላ ሰው እጅ ሲገባ ማብራሪያው አብሮት አይሄድም። ቀጥሎ ይምረጥ። አርባ ፎቶ ከሚያሳይ አምስት ያሳይ፤ መምረጡ ራሱ የመጀመሪያው ሂስ ነው። የሚነገረውንም ሁሉ መቀበል የለበትም። አንድ ሰው ብቻ ያልወደደው ነገር የጣዕም ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ሰው እዚያው ላይ ከተደናቀፈ ግን እዚያ ድንጋይ አለ።

ይህ ልማድ ከጓደኛ ጠረጴዛ አልፎ መድረክ አግኝቶ ያውቃል። ለዋሽንግተን ፖስት የሠራችው ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል ስትመሠርት፣ ፎቶ አንሺዎች ሥራቸውን ይዘው ከባለሙያ ፊት የሚቀመጡበትና አስተያየት የሚሰሙበት መርሐ ግብር የዝግጅቱ አካል ነበር። ነገር ግን ፌስቲቫል በዓመታት አንዴ ይመጣል፤ ቅዳሜ በየሳምንቱ ይመጣል። ሦስት ወይም አራት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛና በየሰው አምስት ፎቶ ይበቃል። እያንዳንዱም አንድ ያየለትን ውበትና አንድ ያየበትን ጉድለት በቦታው ነግሮ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የተስተካከለውን ለማየት ይጠይቅ። የሂስ ፍሬ የሚለካው በዚያ በሚቀጥለው ፎቶ ነው፤ የተሻለ ከሆነ ተናጋሪውም ሰሚውም እኩል ሠርተውታል።